ዘመድ ያለበት ዩኒቨርሲቲ

ኮልፌ ገበያ ውስጥ ሰርኬን የማያውቅ ሰው ባልዲ ገዝቶ አያውቅም ማለት ነው። ሳፋውን፣ ጀሪካኑን፣ የሕፃን ማጠቢያውን እስከ ጣሪያ ደርድራ ከመካከሉ ትቀመጣለች። ባሏ ሰብስቤ ከሞተ ጀምሮ ሱቁንም ቤቱንም ለብቻዋ ይዛለች። ሴት ናት ብሎ ሊያታልላት የሞከረ አከፋፋይ ሁለተኛ አልሞከረም። በዚህች ምድር የምትፈራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሳቸውም የባሏ ታላቅ ወንድም ጋሼ ገብረአምላክ ናቸው።

መፍራቷ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰብስቤን ከጉራጌ አገር አምጥተው ንግድ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ከሞተም በኋላ ቤቱን እንደ አባት ሲጠይቁ ኖረዋል። የዘመዱ ልጆች የሚገቡበትን ዩኒቨርሲቲ የሚመርጡትም እሳቸው ነበሩ። አመራረጣቸው ቀላል ነው። ልጁ ምን መማር እንደሚፈልግ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ከተማው ውስጥ ሱቅ ያለው ዘመድ መኖሩን ብቻ ነው። ዲላ የአክስታቸው ልጅ ጨርቅ ይሸጣል፤ ጅማ ደግሞ ሌላው ዘመዳቸው ወንድዬ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው። ስለዚህ ለዚህ ቤተሰብ ዩኒቨርሲቲ ማለት ዲላና ጅማ ነው። በሌላው የአገሪቱ ክፍል ትምህርት የሚባል ነገር ያለም አይመስላቸውም።

ነገሩ ከክፋት አልመጣም። ዩኒቨርሲቲ የረገጠ አባት በሌለበት ቤት የሚታወቀው መንገድ የንግዱ መንገድ ነው። ወደማያውቀው ከተማ የሚገባ ነጋዴ መጀመሪያ ቀድሞት የገባ ዘመዱ በር ላይ ዕቃውን ዘርግቶ ይጀምራል፤ ተማሪም እንደዚያው መስሏቸዋል። የሐኪም ልጅ የትምህርት ዓይነት ሲያማርጥ የነጋዴ ልጅ ዘመድ ያማርጣል። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይሉ የለ።

በዚህ መካከል የሰርኬ ልጅ ሔለን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አለፈች፤ ያውም ማለፍ ብርቅ በሆነበት ዘመን። ሰፈሩ ሁሉ እልል አለላት። ሔለን መማር የምትፈልገው የውሃ ምሕንድስና ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አድጋ፣ ቧንቧው ለምን እንደሚደርቅ መጠየቅ የጀመረችው ገና በልጅነቷ ነበር። ለዚህ ትምህርት አርባ ምንጭ ጥሩ እንደሆነ አስተማሪዋ ነግሯታል፤ እሷም ልቧ እዚያው ቀረ። ችግሩ፣ አርባ ምንጭ ውስጥ አንድም የሚያውቁት ዘመድ የለም።

እሑድ ጦር ኃይሎች ሰፈር፣ ጋሼ ገብረአምላክ ቤት ተሰበሰቡ። ክትፎውና ቆጮው ከተነሣ በኋላ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልጅቱ በዩኒቨርሲቲ ምርጫዋ ጅማን እንድትሞላ መወሰናቸውን፣ ወንድዬም በስልክ እሺ ማለቱን አስታወቁ። ሔለን አንገቷን ደፋች። ሰርኬ ልጇን አየቻት። ዝም አይነቅዝም ብላ በዚያ ቤት ዓመታት ኖራለች። ያን ቀን ግን ዝምታው አልዋጥ አላት።

ፊት ለፊት አልገጠመቻቸውም፤ ነጋዴ ናት። ዞር ብላ ክርስቲያንን አነጋገረች። ክርስቲያን የጋሼ ገብረአምላክ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ጅማ ፋርማሲ ይማር ነበር፣ ዛሬ አባቱ ሱቅ ውስጥ ሚስማርና ቀለም ይሸጣል። ጅማ ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ የት ያጠና እንደነበር በለስላሳ አንደበት ጠየቀችው። ጋሽ ወንድዬ ሱቅ እውል ነበር አላት። እሑድስ ብትለው፣ እሑድም። ፈተና ሲደርስስ አለችው። ክርስቲያን አባቱን ቀና ብሎ አየና፣ ወንድዬ ደግ ሰው እንደሆነ፣ ማንም እንዳላስገደደው፣ ነገር ግን ዘመድ ደንበኛ በዝቶበት ላይ ታች ሲል እያዩ ደብተር ዘርግቶ መቀመጥ እንደሚያሳፍር ተናገረ። እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ቀረ፤ በሦስተኛው ዓመት ትምህርቱን ተወ። ከዚያ ቀን በፊት ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ጋሼ ገብረአምላክ ደነገጡ። ልጃቸው ትምህርት አልገባ ብሎት የተመለሰ ነበር የሚመስላቸው። አዘኑም። ቢሆንም የያዙትን ነገር በዋዛ የሚለቁ ሰው አይደሉም።

«እሺ ሰርኬ፤ ብትታመምስ? ቢከፋትስ? አርባ ምንጭ ማን አለን?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ከአገር ቤት ሲመጡ አዲስ አበባ ማን ነበረዎት?»

«ማንም።»

«ዛሬ ለሁላችንም እርስዎ አሉን። አርባ ምንጭም ከዘንድሮ ጀምሮ ሔለን አለችን።»

ጋሼ ገብረአምላክ ሔለንን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧትና፣ ስልኳን አውጥታ አርባ ምንጭን እዚያው ፊታቸው እንድትሞላ አዘዟት።