አጋዘኑን ያቆሰለው ማን ነበር

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከአሰላ ተነሣን። ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ሲያባራ ቤተሰባችን በየዓመቱ ከጢቾ በላይ ወዳለው ደጋ ቆቅ ሊያድን ይወጣል። እኔ ግን ለቆቅ ብዬ አልወጣሁም። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴም ዳገት አይወድም። የወጣሁት ታላቅ ወንድሜ በዛብህ ለልጅ ልጆቹ የሚተርከውን አንድ ውሸት፣ ምስክሩ በሕይወት እያለ ላቃናው ነው።

ውሸቱ ‹አጋዘኑን የገደልኩት እኔ ነኝ› ማለቱ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በሃያ ዓመቴ ከአባታችን ጋር አጋዘን አደን ወጥተን ነበር፤ ያኔ እንደ ዛሬው አልተከለከለም። አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ወደ ምንጭ ሲወርድ ተኩሼ አቆሰልኩት። በአዳኝ ወግ አውሬው የሚቆጠረው መጀመሪያ ደሙን ላፈሰሰው ነው፤ ሌላ ሰው ቢጨርሰው እንኳ። አባቴ ግን ወደ ቤት ላኩኝ። በዛብህ ተከትሎ ጨረሰው፤ ገዳይ ተባለ፤ ተፎከረለት። እኔም ከሴቶቹ ጋር ቆሜ እልል አልኩለት።

መኪናውን የሚነዳው የበዛብህ ልጅ ዳዊት ነው። እኔና የዳዊት ልጅ ሣራ ከኋላ፣ ከስንቁ ጋር ተጣብበን ተቀምጠናል። ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ ስንዴው ገና አረንጓዴ ነው። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ጭቃው ሁለት ጊዜ አስወርዶ አስገፋን።

«አስካለ፣ ዘንድሮ ምን አወጣሽ?» አለ በዛብህ ከፊት ወንበር ሳይዞር። «ምላስሽን የሰማ ቆቅ አገር ለቅቆ ይሄዳል።»

«ምላሴ የሚያባርር ቢሆን አንተ መች እዚህ ትገኝ ነበር፣ ወንድም ጋሼ?»

ሣራ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

አራት ሰዓት፣ ከጢቾ በላይ

ኦቦ ሁሴን መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁን። ምስክሩ እሳቸው ናቸው፤ በዚያ አደን ለአባታችን የአውሬ ዱካ የሚያነቡላቸው ወጣት ነበሩ፤ ዛሬ በከዘራ ነው የሚሄዱት።

«አካም ጅርቱ! ደህና ናችሁ? አዴ አስካለ፣ አለሽ እንዴ?»

«ምን እሆናለሁ፣ ኦቦ ሁሴን? ክፉ ሰው መች ይሞታል?»

«እሱማ እኔም አለሁ» አሉና ሳቁ።

በቤታቸው በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ በእርጎ በልተን ወጣን። ጉሙ ከአስታው ቁጥቋጦ ላይ ገና አልተነሣም። ዳዊት በገብሱ ዳር ሦስት ቆቅ ጣለ። ሣራ ሁለቴ ሳተች፤ በሦስተኛው አንዱን መታችው፤ ወፉ ወድቆ ቁጥቋጦ ውስጥ ሮጠ። ፈልጋ ስታጣው ልትተወው ጠመንጃዋን አነገተች።

«የት ልትሄጂ?» አሉ ኦቦ ሁሴን። «ያቆሰለ ይከተላል። ሞቶ እስክታገኚው ድረስ ያንቺ ዕዳ ነው።»

ግማሽ ሰዓት ያህል በእሾህ እየተቧጠጠች ፈለገችና ይዛው መጣች። የመጀመሪያው ደም የሷ መሆኑን ሁሉም መሰከረላት። ጊዜው አሁን ነው አልኩ።

«ኦቦ ሁሴን፣ የዚያን አጋዘን የመጀመሪያ ደም ያፈሰሰው ማን ነው? በልጆቹ ፊት ይናገሩ።»

ሽማግሌው በዛብህን አዩ። በዛብህ መሬት አየ።

«አንቺ ነሽ» አሉ። «ዱካውን ያየሁት እኔ ነኝ። ደሙ ከምንጩ ጀምሮ ነበር።»

«ሰማህ፣ ወንድም ጋሼ?»

«ሰማሁ። ድሮም አውቃለሁ።»

«እያወቅህ ነው ይህን ሁሉ ዘመን ገዳይ የተባልከው?»

«አንቺስ ለምን ትተሽው ወረድሽ?»

«አባባ ልከውኝ ነዋ!»

«አይ፣ አዴ» አሉ ኦቦ ሁሴን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ማንም አልላከሽም። አባትሽ ‹ያንቺ ነው፣ ተከተይው› አሉሽ። ዝናብ ጣለ፤ በረደኝ ብለሽ በበቅሎ ወረድሽ። እኔና በዛብህ ሁለት ቀን ተከተልነው። መንጋጋው ተሰብሮ ነበር። ስናገኘው ወንዝ ዳር ቆሟል፤ ውሃው እፊቱ ነው፤ መጠጣት አልቻለም።»

አባቴ ላኩኝ ብዬ ለባሌ ነግሬያለሁ፣ ለልጆቼ ነግሬያለሁ፣ ከላይም ለእናንተ ጽፌያለሁ። መደጋገሙ እውነት አስመሰለብኝ ብል ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆናል። እውነቱን አንድ ቀንም ረስቼው አላውቅም። የመንጋጋውን ነገር ግን አላውቅም ነበር። በዛብህ በትረካው ሁሉ መንጋጋውን አንሥቶ አያውቅም።

እሑድ፣ አሰላ

እሑድ ከሰዓት በኋላ አሰላ ገባን። ከበዛብህ ጋር ይቅር ተባባልን ብዬ አልጽፍም፤ አልተባባልንም። ሁለት ቀን መከተል የገዳይነቱን ስም ሙሉ በሙሉ አያስወስድም፤ እኔም በዚህ ቃሌ እጸናለሁ። ነገር ግን ከዚህ ጉዞ የተረዳሁት፣ ስሟገትበት የኖርኩት የአዳኝ ወግ እኔንም እንደሚጠይቀኝ ነው።

ማታ ቆቁ ሲቀርብ ትንንሾቹ እንደ ልማዳቸው የአጋዘኑን ታሪክ ለመኑ። በዛብህ እጁን ታጠበና ወደ እኔ ጠቆመ።

«የመጀመሪያው ደም የሷ ነው። እሷ ትናገር።»

የፈለግሁት ይኸው ነበር። ከምንጩ ጀመርኩ፤ አጋዘኑ እንዴት እንደወረደ፣ እንዴት እንደተኮስኩ ተናገርኩ። ዝናቡ ላይ ደረስኩ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል።

«በረደኝ» አልኳቸው፤ «ትቼው ወረድኩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየሁትም፤ ንገራቸው፣ ወንድም ጋሼ።»