የአማቴ አጎዛ

ፍኖተ ሰላም በተከራየናት የቀበሌ ቤት ልጄ ጠዋት ጠዋት ማስነጠስ ከጀመረች ማቆሚያ የላትም። አፍንጫዋ ተደፍኖ በአፏ ስትተነፍስ ትታፈንብኛለች እያልሁ ከአጠገቧ አልርቅም።

የጤና ጣቢያው ሐኪም «አለርጂ ነው፤ አቧራና ጠጉር ያለበት ነገር ሁሉ ከመኝታዋ ይራቅ» አለኝ። ዶሮዎቹን ከጓዳ አስወጣሁ። የበቆሎውን ጎታ ከራስጌዋ አንስቼ ጎረቤት አስቀመጥሁ። የጭድ ፍራሿንም አቃጠልሁት። ማስነጠሷ ቀነሰ እንጂ አልተዋትም።

የቀረው ከሥሯ የሚነጠፈው የበግ አጎዛ ነበር። እሱ ደግሞ አማቴ ለክርስትናዋ ከቋሪት ተሸክመው ያመጡት ነው። ምን ብዬ ላውጣው?

ለፋሲካ አማቴ ሊጠይቁን መጡ። በማግስቱ ልጅቷ ዓይኗ አብጦ ስትነሳ ግን አላስቻለኝም፤ «ሐኪሙ ጠጉር ይራቅ ብሏል» ብዬ አጎዛውን ጠቅልዬ አጥሩ ላይ ጣልሁት። አማቴ ደጃፍ ተቀምጠው ያያሉ። ልጅቷ እንደ ልማዷ ጭናቸው ላይ ልትወጣ ስትሮጥ በእጃቸው ገታ አደረጓት።

«ቆይ እናቴ፣ ይኸ ጋቢም ከበጎቹ ጋር ነው የሚውል» አሏት።

የሚያዩት ግን እኔን ነበር።