የቀኝ የኋላ ፓራፋንጎ

አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ከአዲስ አበባ በሻንጣ ያመጣሁትን የላሜራ መዶሻ ይዤ ገባሁ። ባለቤቱ ጋሽ ተፈራ አይተው ሳቁብኝ።

«እዚህ አገር ላሜራ አይቀጠቀጥም» አሉኝ። «ፓርቱን ኦርደር ታደርጋለህ፣ አሮጌውን ትፈታለህ፣ አዲሱን ታስራለህ። በቃ።»

አሥራ ስምንት ዓመት ፈታሁ፣ አሰርኩ። አልከፋኝም ብል እዋሻለሁ። ሙያው መዶሻ ውስጥ ነው፤ መዶሻው ደግሞ ከዕቃ ሳጥኑ ሥር ዝጓል።

ከዚያ አንዲት ኩፕ መኪና በተሳቢ ተጭና መጣች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራች፣ ባለ ሁለት በር፣ ጎማ የሚሸፍኑት ፓራፋንጎዎቿ እንደ ድፎ ዳቦ ያበጡ። ባለቤቷ ሚስተር ዋልተር የሚባሉ ጀርመንታውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ገበያ ላይ የሚገኝ ፓርት የላትም። ጋሽ ተፈራ ወደ እኔ ዞረው «እንግዲህ ያቺን መዶሻ አምጣት» አሉኝ።

ሰባት ወር ሠራኋት። ጠዋት ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ስመጣ ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ በመኪና ቢዘጋ እንኳ አልናደድም ነበር። ዝገቱን ቆርጬ በየድኩ፣ በሮቹን አቃናሁ፣ ስቱኮ ሳላበዛ መስመሯን መለስኩላት። ሚስተር ዋልተር መንዳት ስላቆሙ በስልክ ብቻ ይጠይቁን ነበር።

ወርክ ኦርደሩ፣ ማለትም የሥራ ማዘዣው ወረቀት ላይ አንዲት መስመር ነበረች፦ «የቀኝ የኋላ ፓራፋንጎ ይቀባ፤ ስርጉዱ ግን አይቃና።» ቡጢ የምታህል ስርጉድ ናት። ሰውዬው ወጪ ፈርተው ነው ብዬ ደመደምኩ። እኛ ገበያ ስንወጣ ያለ ምራቂ አንመለስም፤ ሻጭ ሰፍሮ ሲጨርስ ትንሽ ይጨምራል። እኔም ልመርቅላቸው አሰብኩ። አንድ ቅዳሜ ከቀለሙ በፊት ስርጉዷን ቀስ እያልኩ አወጣኋት። ከዚያ የተሻለ ሥራ በሕይወቴ አልሠራሁም።

በማስረከቢያው ቀን ሽማግሌውን ልጃቸው አመጣቻቸው። ሌላውን ሁሉ ትተው ቀጥ ብለው ወደ ቀኝ የኋላ ፓራፋንጎ ሄዱ፤ መዳፋቸውን አሳረፉበት። ወደ ላይ ዳሰሱ፣ ወደ ታች ዳሰሱ። እኔ ምስጋና እየጠበቅኩ ፈገግ ብያለሁ።

«የት ሄደ?» አሉ።

«አቃናሁልዎት። በነፃ ነው።»

የስርጉዷን ነገር የነገረችን ልጃቸው ናት። እናቷ ገና ሙሽራ ሳለች መንዳት ስትለማመድ፣ ወደ ኋላ ስትነዳ ከቤታቸው ምሰሶ ጋር ያጋጨችው ነው። ባለፈው ክረምት ሞታለች። አባቷ በመኪናዋ አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን እዚያች ስርጉድ ላይ ሳያሳርፉ አያልፉም ነበር።

ጋሽ ተፈራ አላስቻላቸውም። «ፎቶ አንስተናል፤ እንደነበረ አድርጎ ይመልሰዋል» አሉ። መዶሻዬን አነሳሁ። ሚስተር ዋልተር ክንዴን ያዙኝ።

«ተወው ልጄ» አሉ። «ያ ስርጉድ የእሷ ነበር። አሁን የምትሠራው ግን ያንተ ይሆናል።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ጨብጠው፣ አመስግነው ሄዱ። ጋሽ ተፈራ በሩን እየዘጉ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። እኔ ግን መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ወደ ጋራዡ አዲስ ለምትገቡት የምለው ይህን ነው። አይነካ የተባለውን አትንኩ፤ ምክንያቱ ካልገባችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። የሚስተር ዋልተር ስልክ እዚያው ወርክ ኦርደር ላይ ተጽፎ ነበር። አልደወልኩም።