ሁለት ፉርጎ፣ አንድ አያያዥ

አቃቂ በሰቃ ባለው ትምህርት ቤት ሥራ በጀመርኩበት ቀን ሦስተኛ ክፍል ተሰጠኝ። ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ተሾመ ጠመኔና ዳስተር አስጨብጠውኝ፣ "ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ወሬ ብቻ ቀንሺላቸው" አሉኝ።

ወሬው አልቀነሰም። መጻፍ ላይ ግን ጭጭ ነው። "ዘነበ። ረፈደብኝ። ቲቸር ተቆጣችኝ።" ይሉና እርሳሳቸውን ያስቀምጣሉ። ድርብ ዓረፍተ ነገር ምን እንደሆነ ሰሌዳ ላይ አስረዳሁ፤ አያያዥ ቃላቱን በቃል አስጠናሁ። እንደ ጸሎት ያነበንቧቸዋል፣ ሲጽፉ ግን የሉም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

አባቴ ባቡር ላይ ይሠራ ስለነበር ፉርጎ ከፉርጎ ሲያያይዝ እያየሁ ነው ያደግሁት። ያንን አስታውሼ አንድ ጠዋት ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጋሁ። ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ቆመው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ። ሦስተኛው "ስለዚህ" ወይም "ነገር ግን" የተጻፈበት ካርቶን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መሀል ይገባል፤ የሁለቱንም እጅ ይዞ ነገራቸውን አንድ ላይ ይናገራል። ካልገጠመ ክፍሉ በሙሉ "ተፈታ!" ይላል።

"ተፈታ!" የምትለዋ አስፋልት ድረስ ትሰማ ነበር። ጋሽ ተሾመ ቢሮ ጠሩኝ።

"ሐሙስ ሱፐርቫይዘር ይመጣል። በዚህ ጩኸት ካገኘሽ ክፍሉን ለሌላ ሰጥቼ ቤተ መጻሕፍት እመድብሻለሁ።"

"እባክዎ ጋሽ ተሾመ፣ መጀመሪያ ደብተሮቻቸውን ይዩልኝ።"

"ጆሮዬንስ ምን ላድርገው?" አሉ። ደብተሮቹን ግን ተቀበሉኝ። እነዚያን ልጆች ወድጄ ስለነበር ፈራሁ።

ሐሙስ ጋሽ ተሾመና ሱፐርቫይዘሩ አብረው ሲገቡ ጨዋታ ላይ ነበርን። አላስቆምኩም። ሱፐርቫይዘሩ ልጆቹን ትንሽ አይተው ከጎናቸው ቆሙና፣ "እኔም ልሞክር። ይህ ክፍል ይጮኻል" አሉ።

የመሀሏ ተረኛ ሐያት ነበረች፤ የከባድ መኪና ሾፌር ልጅ፣ ደፋር። "ነገር ግን"ን አንጠልጥላ የሱፐርቫይዘሩን እጅ ያዘች። በሌላው እጇ የጋሽ ተሾመን ያዘች።

"ጋሼ፣ የእርስዎስ?"

ልጆቹ በሙሉ ወደ ጋሽ ተሾመ ዞሩ። እሳቸው ደብተሮቹን አይተዋቸው ነበር።

"ልጆቹ መጻፍ ጀምረዋል" አሉ።

"ይህ ክፍል ይጮኻል፤ ነገር ግን ልጆቹ መጻፍ ጀምረዋል" አለች ሐያት። "ተፈታ" ያለ አልነበረም። ሱፐርቫይዘሩ ሳቁ፤ እኔ እንባዬ መጣ።

ጋሽ ተሾመ ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው፣ "ክፍሉን ያዢው፤ በሩን ግን ዝጊው" አሉኝ።

ዛሬም በሩን ዘግቼ ነው የማስተምረው። ልጅ አያያዥ ቃልን የሚማረው በቃሉ አጥንቶ አይደለም፤ ሁለት ሰው መሀል ቆሞ ነው።