ሦስተኛው ሽቦ

«አንቺን ያሳደገሽ ሽቦው ነው፤ ሽቦውን አትስደቢ።»

ይህን ያሉኝ ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ናቸው፤ በሰው ፊት፣ በከዘራቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ። የሰፈራችን ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። እኔም «ያሳደገችኝ እናቴ ናት፤ ሽቦው ልብስ ማስጫችን ነበር» አልኳቸው። ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

እዚህ እንዴት እንደደረስን ልንገራችሁ። የእኛ ከተማ ከአዳማ ብዙ አይርቅም። ድሮ ከተማ አልነበረም፤ ግራር፣ አቧራና የገበሬ ማሳ ነበር። ጦሩ መጥቶ ድንኳን ተከለ፤ ዙሪያውን በእሾህ ሽቦ አጠረ። ወታደሩን ተከትለው ሚስቶች መጡ፤ ሚስቶቹን ተከትሎ ጠላ ሻጩ፣ ልብስ አጣቢው፣ ፀጉር ቆራጩ፣ ልብስ ሰፊው። ሁሉም ሽቦው ሥር ቤት ቀለሰ። ካምፑ ሲሰፋ ሽቦው ይገፋል፤ ሽቦው ሥር ያለው ቤት ይፈርሳል፤ ሰውም ቆርቆሮውን ተሸክሞ አዲሱ ሽቦ ሥር ሄዶ ይሠራል። እኛ ጋ ሰፈር በቀበሌ አይጠራም። «የአንደኛ ሽቦ ልጅ ነኝ»፣ «ሁለተኛ ሽቦ ነው ያገባችው» ነው የሚባለው። እኔ የአንደኛ ሽቦ ልጅ ነኝ። የተወለድኩበት ቤት አሁን ግቢው ውስጥ ገብቶ የኦራል መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ልየው ብል ዘቡ አያስገባኝም።

በዚህ መሀል ከተማው አደገ። ባንክ ገባ፣ ፎቅ ተሠራ፣ ባጃጁ መንገድ አላሳልፍ አለ። ይሄ ሁሉ ግን ከአስፋልቱ ወዲያ ነው። የሽቦ ሰው ከሽቦው ፈቀቅ አይልም።

ካምፑን አልወቅስም። ጦር ቦታ ይፈልጋል፤ ስንነሣም ምትክ ቦታ ይሰጠናል፤ ያውም አስፋልት ዳር። የምወቅሰው እኛኑ ነው። ምትኩ በእጃችን በገባ ማግስት አዲሱ ሽቦ ሥር መሬት ያለው ሰው ፈልገን እንለዋወጣለን። ለምን? ደንበኛችን ወታደሩ ነዋ። ከዚያ ሽቦው እንደገና ሲገፋ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ሌላ ከተማ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የወታደር ልብስ ብቻ። ለአዲስ ምልምል የሚሰጠው ሱሪ ሁለት ሰው ይይዛል፤ እሷ ወገቡን ትቀንሳለች፣ እግሩን ታሳጥራለች፣ ማዕረግ ለጨመረው ማዕረጉን ትሰፋለታለች። ሽቦው ላይ እጅ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ፤ ዘቦቹም ያውቁታል። ሱሪው በዚያ ይመጣል፣ በዚያ ይመለሳል። አባቴ ወታደር ነበር፤ ተዛውሮ ሄደና በዚያው ሌላ ቤት መሠረተ። እማዬ ግን ከቀዳዳው አልተነሣችም።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ከእሷ ጎን ስፌት ላይ ተቀመጥኩ። አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት የምትሠራ የክፍሌ ልጅ «ነይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» እያለች ትደውልልኛለች። የምጠብቀውንም አላውቅም ነበር።

ከዚያ ያኔ የነበርንበት ሁለተኛው ሽቦ ሊገፋ ነው ተባለ። ምትክ ቦታው በዕጣ ሲወጣ ለእኛ አስፋልት ዳር፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ደረሰን። ቦታውን ልናይ የሄድን ቀን የሱቁ በር በየት በኩል እንደሚሆን እዚያው ቆሜ ወሰንኩ። መጋረጃ እሰፋለሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ የሴት ቀሚስ እሰፋለሁ። እማዬ መኪናው ሲያልፍ ታያለች። በዚያው ሳምንት ተለዋጭ አገኘች።

ሰውየው የገበሬ ልጅ ነው። ሦስተኛው ሽቦ የሚያልፈው በአባቱ ማሳ ላይ ነው፤ ከሽቦው ውጪ የተረፈችው ቁራጭ መሬት የእሱ ናት። አስፋልት ዳር ጎሚስታ ቤት ሊከፍት ያስባል። ሄጄ ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

«አንተ መሬትህን ለምን ትለቃለህ?»

«አባቴ ጤፍ ያጨደበት ላይ ሽቦ እያየሁ ቁርስ አይበላልኝም። አንቺስ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ለምን ታኮርፊያለሽ?»

«እኔም አይበላልኝም።»

«እንግዲያው እናትሽን አሳምኛት፤ እኔ ሌላ አስፋልት አላጣም» ብሎ ሳቀ።

እኛ ሰፈር ቦታ የሚለዋወጡት ሽማግሌ ፊት ነው። ሃምሳ አለቃ በቤቱ የሚኖረውን አዋቂ በየተራ «ተስማምተሻል?» «ተስማምተሃል?» ብለው ይጠይቃሉ። የወታደር ሰፈር ስለሆነ የስም ጥሪ ይመስላል። አንድ አዋቂ እምቢ ካለ ለውጡ ይቀራል፤ እምቢ ያለ ሰው ግን የለም። ሁሉም «አዎ» ብሎ ወደ ጠላው ነው።

እሁድ ጠዋት የሰፈሩ ሰዎች ደጃችን ላይ ተሰበሰቡ። እማዬ «ተስማምቻለሁ» አለች። ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ ዞሩ።

«አልተስማማሁም» አልኩ። «ሽቦ ሥር የተሠራ ቤት ፈራሽ ነው። ይሄ ሽቦ አንድ ቀን ቀና ብለን እንድንሄድ አላደረገንም። ሁልጊዜ ሥሩ ነን።»

ያን ጊዜ ነው ሃምሳ አለቃ «ያሳደገሽ ሽቦው ነው» ያሉኝ። ሰው ስቆ ሲያበቃ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉና «እንግዲህ ለውጡ ይቀራል» አሉ። «የዚህ ቤት ሰው ሆነሽ እስካለሽ ያለ አንቺ አይሆንም። በሚመጣው እሁድ እንመለሳለን፤ ተነጋገሩ።»

ተነጋገርን።

«አስፋልት ላይ ማን ያውቀኛል?» አለች እማዬ።

«ይለምዱሻል።»

«እኔ ከወታደር ልብስ ሌላ ሰፍቼ አላውቅም።»

«እኔ እሰፋለሁ። አንቺ ቁልፍ ትተክያለሽ።»

«በገዛ ስፌት መኪናዬ ቁልፍ ተካይ ልታደርጊኝ?»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ሳቁን ተወችው።

«ጠዋት የምነሣው ጡሩምባው ሲነፋ ነው። እዚያ በምን ልነሣ ነው?»

«በሞባይል።»

«ሞባይል ሰው አይደለም። ጡሩምባ ሲነፋ የሚነፋው ሰው አለ፤ ከእኔ በፊት የነቃ ሰው አለ ማለት ነው።»

«ሲያፈርሱብሽስ?»

«ያኔ አራተኛ ሽቦ ይኖራላ።»

ምን ይባላል? ተናደድኩ። «አንቺ እኮ ሲያፈርሱብሽ ደስ ይልሻል» አልኳት።

ሳምንቱን ሙሉ አልሰፋችም። ሱሪው ወንበሩ ላይ ይቆለላል፤ እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ስፌት መኪናው ፊት ትቀመጣለች። ከቀዳዳው «እናት፣ ደረሰ?» የሚል ድምፅ ሲመጣ «ነገ» ትላለች። ነገም «ነገ» ትላለች። እኔ ማሸነፌ ገብቶኝ ነበር። ከቤቱ እስካልወጣሁ ድረስ ሦስተኛ ሽቦ የሚባል ነገር የለም። ሱቄ ይከፈታል፤ በሩም እኔ ባልኩት በኩል ይሆናል። እሷም መናኸሪያው ፊት ለፊት እንደዚሁ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች።

እኔ ደግሞ ሽቦ ሥር አልኖርም። ለእናቴም ብዬ አልኖርም። ያንን ያወቅሁት ልጅ ሆኜ፣ ገና የወታደር ሱሪ መተኮስ ስጀምር ነው።

እሁድ ሃምሳ አለቃ መጡ፤ ባለ ጎሚስታውም ከኋላቸው። ገና ሳይቀመጡ ጠየቁኝ።

«ተስማማሽ?»

«አልተስማማሁም።»

«እንግዲህ...»

«አዳማ ልሄድ ነው፣ የክፍሌ ልጅ ጋ። ከዚህ ቤት ሰው አይቁጠሩኝ። ግን ተስማማች ብለው እንዳያወሩብኝ፤ ሄደች ይበሉ።»

«እናትሽን ጥለሽ?»

«እናቴ ቦታዋን አግኝታለች። እኔም የእኔን ልፈልግ።»

«ምላስሽ ረጅም ነው» አሉ።

«እግሬም ረጅም ነው።»

ባለ ጎሚስታው መሬት መሬት እያየ ፈገግ አለ። ሃምሳ አለቃ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና እማዬን አዩዋት። እማዬ እኔን አታይም፤ በሩ ላይ ቆማ መቀሷን በቀሚሷ ጫፍ ትወለውላለች።

«ተስማምተሻል?» አሏት እንደገና።

«ተስማምቻለሁ» አለች።

ቦርሳዬን ለማምጣት ገባሁ። ስወጣ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ሻሽ እሰሪ። የአዳማ ነፋስ አቧራውን ዓይን ውስጥ ነው የሚከተው።»

«እሺ።»

«ስትደርሺ ደውዪ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

መናኸሪያው ድረስ በእግሬ ሄድኩ። አዳማ የሚል ሚኒባስ አንድ ሰው ጎድሎት ቆሞ ነበር። ቦርሳዬን እግሬ ሥር አድርጌ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ተዘጋ፤ ሄድን።