ዝም ያለውን ወታደር እንዴት እንዳናገርኩት

«ጎበዝ» ሲሉኝ ያቅለሸልሸኛል። በአእምሮ ሆስፒታል አስታማሚ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሽንት ጠርጌያለሁ፣ ተነክሻለሁ፣ ፊቴ ላይ ተተፍቶብኛል። አንዱም እንደዚህች ቃል አላስጠላኝም።

ጦርነቱ ሲመጣ ለጦሩ የሕክምና ክፍል ተመደብኩ። ድንኳኑ መግል መግል ይሸታል፤ ዝንቡ ከቁስል ተነስቶ እንጀራችን ላይ ያርፋል። ሐኪማችን ሻለቃ ነበር። አንድ ቀን እጁን ሳይታጠብ እየጎረሰ፣ «አንተ ከእብድ ጋር የኖርክ ሰው ነህ፤ የታመመውንና የሚያስመስለውን ለይልኝ» አለኝ። የታመመ ወደ ኋላ፣ ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ ያስመሰለ ምሽግ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ሹመት መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

አንድ ወታደር መጣልን። ከባድ መሣሪያ አጠገቡ ከፈነዳ ወዲህ ቃል አይወጣውም። ሲያጎርሱት ይውጣል፣ ካስቀመጡት አይነሳም። ወረቀቱን ሳይ የየካ ልጅ ነው፤ የሰፈሬ ልጅ! ሻለቃው «ያስመስላል» ብሎ ድርቅ አለ። ሦስት ቀን ተከታተልኩት። የሚያስመስል ሰው በዓይኑ ጥግ ይሰርቅሃል፤ ይሄ ግን አንዴም አላየኝ። መታመሙን አውቄዋለሁ፣ አፈር ልብላና አውቄዋለሁ። ይህንኑ ብናገር ይበቃ ነበር። ግን ሻለቃው ፊት ብልሃቴን ላሳይ አማረኝ። ከኋላው ቆምኩና ልክ እንደ ታክሲ ረዳት፣ «ጉርድ ሾላ ወራጅ አለ?» ብዬ ጮህኩ።

«አለ!» የሚል ድምፅ ከአፉ ወጣ።

ሻለቃው በሳቅ ሊፈነዳ ደረሰ። «ነቃንበት! አንተ ጎበዝ!» እያለ በዚያ ወጥ በማይለየው እጁ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

እኛ ሆስፒታል ዓመታት ሙሉ የማትናገር ሴት አለች። ሰው ሲደናቀፍ ግን «እኔን!» ትላለች፤ ከዚያ መልሳ ጭጭ። በልማድ ያመለጠ ቃል የጤና ምልክት እንዳልሆነ የጽዳት ሠራተኞቻችን እንኳ ያውቃሉ። ለሻለቃው ይህን አልነገርኩትም። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ፤ እሷስ መጽሐፍ ነው ያጠበችው። ልጁን ክንዱን ይዘው ወደ ምሽግ በሚመለስ መኪና ላይ ጫኑት፤ እንዳስቀመጡት ተቀምጦ ሄደ። በሳምንቱ መሞቱን ሰማን። ሻለቃው «የጦርነት ነገር» ብሎ ጥርሱን ጎረጎረ። እኔስ? ምሳዬን በላሁ። ቱ!

አገር ቤት ከተመለስኩ በኋላ አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ቤቴን አጠያይቀው መጡ። የልጁ አባት ናቸው። አብሮት የነበረ ወታደር ስለ እኔ ነግሯቸዋል።

«ዲዳ ሆኗል ብለውኝ ስንት አለቀስኩ» አሉኝ። «ለካ አንተ አፉን ፈተህለት ነበር። ድኖ መሞቱን ስሰማ አንጀቴ ራሰ።»

«አባቴ፣ እኔኮ…» ብዬ ጀመርኩ። ዓይናቸውን ሳይ ግን ወንበር ሳብኩላቸው።

እጄን ያዙና አገላብጠው ሳሙት። «እጅህ ይባረክ፣ ልጄ» አሉ።

«አሜን» አልኳቸው።