ብድሩ በሚስቴ ስም

በገዛ ሚስት ይቀናል እንዴ? ይቀናል! እኔ ቀንቻለሁ፤ ያውም ከሌላ ወንድ ጋር አይቻት አይደለም፣ ባንክ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው።

ወልቂጤ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። አዲስ ለሚከፈት ሆቴል አልጋና ቁምሳጥን ልሠራ ከባለቤቶቹ ጋር ተነጋግረን ሳለ፣ መላጊያ ማሽን ካልገዛህ ሥራውን ለሌላ እንሰጣለን አሉኝ። እኔ ደግሞ ቤት አለኝ፤ ክፍል በክፍል እየጨመርኩ በእጄ የሠራሁት፣ ካርታ ያለው ቤት! እሱን አስይዤ ልበደር ብዬ ሚስቴን አስከትዬ ሄድኩ። ካርታው ላይ የሁለታችንም ስም ስላለ እንጂ እሷን ባላደከምኳት ነበር።

የብድር ሠራተኛው ገና ልጅ ነው። ስሜን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ ወደኔ ዞረ።

"ጋሼ፣ ከዚህ በፊት ተበድረው ያውቃሉ?"

"እኔ? የሰው ብር ነክቼ አላውቅም!" አልኩት ደረቴን ነፍቼ።

"እሱ ነው ችግሩ። ቤቱስ ጥሩ ነው፤ ከፋይ መሆንዎን ግን በምን እንወቅ?"

ጉድ በል ወልቂጤ! ዕድሜዬን ሙሉ የኮራሁበት ነገር ጥፋት ሆኖ አረፈው። ወዲያው የሚስቴን ስም ሲያስገባ ፊቱ በራ። እሷ ገበያ ላይ ቅቤና ቆጮ ስትነግድ፣ ከሴቶች ቡድን ጋር ስትበደር፣ ስትከፍል፣ ደግሞ ስትበደር የኖረች ናት። እኔ "ባለ ዕዳዋ መጣች" እያልኩ ስቀልድባት ነው የኖርኩት።

"እትዬ፣ አንዴም የክፍያ ቀን አላሳለፉም እኮ! ለምን በእርስዎ ስም አይሆንም?" አላት። ከዚያ በኋላ እኔን ዞር ብሎ ያየኝ የለም።

ቤቱን የሠራሁት እኔ፣ የምትታመነው እሷ! እንቢ ባለችው ብዬ ተመኘሁ፤ እንቢ ካለች ደግሞ የሆቴሉ ሥራ ማምለጡ ነው። ቀና ብላ አየችኝና "ይሁን" አለችው። እሷ ተበዳሪ ሆና ፈረመች፤ እኔ "ባል ነኝ፣ ተስማምቻለሁ" ብዬ ከሥሯ።

ባጃጅ ውስጥ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ተቀመጥኩ።

"አኮረፍክ አይደል?" አለችኝ።

"ምን ያስኮርፈኛል!"

"ማሽኑ ያንተ፣ ዕዳው የኔ። ሌላ ምን ፈለግህ?"

እንዲህ ያለው ቃል ከኔ አፍ መውጣት ነበረበት፤ እሱንም ቀደመችኝ። ቤት እስክንደርስ ድረስ በዚያች በአንድ ቃሏ ቀናሁባት።